ዓሣውን ማን አጸዳው?

«ከዚህ መስመር አትለፊ» አለች ድንቢጥ፣ በቢላዋ ጫፍ ጠረጴዛውን ለሁለት እየከፈለች። «ዓሣው ያንቺ፣ ቅጠሉና ሎሚው የኔ። ሌላ ወሬ የለም።»

«ማን ሊያወራሽ ፈለገ?» አለች ሬዲዮ።

በትምህርት ቤቱ ማብሰያ ክፍል የተግባር ፈተና ነው። ለሁለት ሁለት ተማሪ አንድ አንድ ሙሉ ዓሣ ደርሷል። አጽድቶ፣ ሆዱን ጣሊያኖች በሚወዷቸው ቅጠላ ቅጠሎችና በሎሚ ሞልቶ፣ በኦቨን ጋግሮ ማቅረብ ነው ፈተናው። ጓደኛ የመረጠላቸው ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ የሰው ጠብ አያውቅም።

ድንቢጥ ስሟን ያገኘችው ከሰውነቷ ማነስ ነው። ሬዲዮ ደግሞ የነገሯት ነገር ሆዷ ውስጥ ስለማያድር። ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ባለፈው ወር የድንቢጥ አባት «ዕቃ ሰርቀሃል» ተብሎ ከሥራ ተባረረ። ድንቢጥ ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በማግስቱ ክፍል ስትገባ አንድ ልጅ «ቦርሳችሁን ያዙ፣ መጣች» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው።

ድንቢጥ የጥብስ ቅጠሉንና ጦስኙን ሸመጠጠች። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦሬጋኖ፣ ከጨውና ከወይራ ዘይት ጋር አሸችው። ሎሚውንና ብርቱካኑን በስሱ ቆራርጣ ጨረሰች። ሬዲዮ ገና ቅርፊቱን እየፋቀች ነው።

«እስከ ነገ ልትፍቂው ነው? አምጪው።»

«የኔ ሥራ ነው። የሥራ ክፍፍል ቅጹ ላይ ዓሣውን ላጸዳ ፈርሜያለሁ።»

«ባንቺ የተነሳ አልወድቅም። ሂጂ ኦቨኑን አሙቂ፤ እሱ እንኳን አያቅትሽም።»

ቢላዋውን ከእጇ መነተፈቻት። መምህሩ ቀና ሲል ሬዲዮ ወደ ኦቨኑ ሄደች።

በንዴት ላይ ያለ እጅ ልክ አያውቅም። ድንቢጥ የዓሣውን ሆድ ከሚገባው በላይ አጥልቃ ቀደደችው። አንጀቱን ስትጎትት አንዲት ትንሽ ከረጢት ፈረጠችና አረንጓዴ ፈሳሽ ሥጋው ላይ ፈሰሰ። ሐሞት ነው። ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ ቶሎ በውሃ ማጠብ፣ የነካውን ሥጋ ቆርጦ መጣል። ቧንቧው ግን ሬዲዮ አጠገብ ነው። ሬዲዮ ስትስቅባት በሐሳቧ ታያት። በወረቀት ጠረገችውና ቅጠሉን፣ ሎሚውን፣ ብርቱካኑን በላዩ ጠቀጠቀችበት።

ዓሣው ከኦቨን ሲወጣ ቆዳው ወርቃማ ሆኗል፣ ሽታው ሌሎቹን ጠረጴዛዎች ሁሉ አንገት አስግጓል። ተማሪዎቹ «ሼፍ» የሚሉት መምህር ከጀርባው በኩል ቀመሰና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ከሆዱ በኩል ሲቀምስ ግን ፊቱ ተኮማተረ።

«ሬት ነው። ሐሞቱን አፍርጣችሁታል። ዓሣውን ማን አጸዳው?» ቅጹን አየ። «አንቺ ነሻ። ይሄ አፍሽ የሚሠራውን ያህል እጅሽ ቢሠራ ምን ነበረበት።»

«እኔ አይደለሁም፣ ሼፍ» አለች ሬዲዮ። «እኔ ቅርፊቱን ነው የፋቅኩት። ቢላዋውን ነጥቃኝ ሆዱን የቀደደችው እሷ ናት።»

«ዜናው እንደቀጠለ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሼፍም ፈገግ አለ።

«እውነት ነው?» ብሎ ወደ ድንቢጥ ዞረ።

ድንቢጥ ዙሪያዋን ቃኘች። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ከሷ ጋር ነው። ሬዲዮ እውነቱን ተናግራ የሚያምናት አጣች። የድንቢጥ ልብ ቅቤ ጠጣ።

«እሷ ናት የፈረመችው» አለች።

ሼፍ ከሬዲዮ ስም ፊት ለፊት ዜሮ ጻፈ፤ ለድንቢጥ ግን የቅመሙን ሙሉ ማርክ ሰጣት። «ዕቃውንም አንቺ እጠቢ» አላት ሬዲዮን፣ ወደ ቢሮው እየገባ።

ሌሎቹ ተንጋግተው ወጡ። ድንቢጥ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ደስ አለሽ?» አለች ሬዲዮ፣ ትሪውን እየፈገፈገች።

«አዎ። አንቺስ የአባቴን ስታወሪ ደስ ብሎሽ ነበር?»

«የዛን ቀን፣ አዎ።»

«አባቴ አልሰረቀም።»

«አውቃለሁ። እሱንም ነግረሽኝ ነበር።» ሬዲዮ ቀና አላለችም። «እሱን ግን አላወራሁም።»

የድንቢጥ ፊት ጋለ። ሬዲዮን በጥፊ ብትላት በወደደች። በዚያው ቅጽበት አባቷ ማታ ማታ የሚደጋግመው ነገር ትዝ አላት። አብሮት የሚሠራው ሰው ዕቃውን ማን እንደወሰደው በዓይኑ አይቶ ነበር። አለቃው ሲጠይቀው ግን ወለል ወለሉን አየ። አባቷን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳው ሌባ መባሉ ሳይሆን ያ ሰው ነው።

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ቢሮው አመራች።

«ወዴት ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ልነግረው።»

«ከዛ እንታረቅ እንዳትዪኝ።»

«አልልሽም።»

በሩን አንኳኳች። «ግቡ» አለ ሼፍ ከውስጥ። ድንቢጥ ሬዲዮ እንድትሰማ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ሳትዘጋውም ገባች።

«ሼፍ» አለች፣ «ማርኩን ሳያስገቡ አንድ ነገር ልንገርዎት።»