የእናቱ ኮምፒውተር

የሰው ዓይን ውስጥ ማየት ለመነጽር ሠሪው ሥራው ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ከፊቱ ያስቀምጣል፣ ትንሿን ማስመሪያ አፍንጫ ላይ ያስደግፋል፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት አንብቦ ይጽፋል፤ «ጨርሰናል» ይላል። ያን ቀን ግን ያነበበው ቁጥር ብዕሩን እስኪያነሳ ድረስ ጠፋበት። እንደገና ለካ። እንደገና ጠፋበት።

«ችግር አለ እንዴ?» አለች ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ።

«የለም፣ የለም። ብቻ... ቀጥ ብለሽ እኔን እዪኝ።»

«እያየሁህ እኮ ነው።»

እውነቷን ነበር። ችግሩም ይኸው ነበር።

ዓይኗን ያደከመው ሥራዋ ነው። ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ይህን ስትነግረው፣ በተፈጥሮው ቁጥብ የሆነው መነጽር ሠሪ ልጅ የሚያወራው ነገር ያገኘ ያህል ደስ አለው።

«እቤት ያለው የእናቴ ኮምፒውተር መከራ ሆኖብናል» አላት። «ሱቅ ብንወስደው ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች እርም ብለው ትተውታል፣ አዲስ ማሽን ግዙ አሉን።»

«ማሽኑ ምን በደላቸው? ያረጀው የተጫነበት ሲስተም ነው። ሌላ ቀለል ያለ አለ፤ ነፃ ነው። እሱን ብትጭኑበት ይሮጣል።»

«አንቺ ትጭኚልናለሽ?»

ጥያቄው ካመለጠው በኋላ ጆሮው ጋለ። ልጅቷ ግን አልሳቀችበትም። መነጽሯን ልትወስድ በመጣች ቀን መልሱን ይዛለት መጣች። «ቅዳሜ ከሰዓት ይመችሃል?»

ቅዳሜ በሩን የከፈቱላት አባትየው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ። ኮምፒውተሩን አሁን ነው የከፈትኩት፤ እስኪነሳ ተላጭቼ እጨርሳለሁ።»

ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ሳሎን ጥግ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ነው። በኪቦርዱ ቁልፎች መሃል የክር ቁርጥራጭ ገብቷል። እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያን ሰዓት ጨርቅ ሊገዙ ወጥተዋል። ልጁ ሆን ብሎ የመረጠውም እሳቸው የሌሉበትን ሰዓት ነበር።

«አሮጌውን ሲስተም ከማጥፋቴ በፊት» አለች ልጅቷ፣ ከረጢቷን እየፈታች፣ «ለምን ለምን እንደምትጠቀሙበት ንገሩኝ።»

«እኔ ካርታ እጫወትበታለሁ» አሉ አባትየው ከመታጠቢያ ቤት ሆነው። «ብቻዬን ነው የምጫወተው። እሱም እየተሸነፍኩ ነው።»

«እማዬ ደግሞ የደንበኞቿን ልክ ትጽፍበታለች» አለ ልጁ። «ሌላ ነገር የለም።»

«እርግጠኛ ነህ? እሳቸውን ብንጠይቅ አይሻልም?»

«ድንገት መጥታ ስታይ ደስ እንዲላት ነው የፈለግኩት። የለም አልኩሽ።»

ፋይሎቹን አንድ ሳታስቀር ወደ ራሷ ዲስክ ገለበጠች። ከዚያ አዲሱን ሲስተም የያዘውን ፍላሽ ሰካች። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ልጁ ሻይ አምጥቶ፣ ሌላ ወንበር እያለ፣ እናቱ እግራቸውን የሚያሳርፉባት ዱካ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አሁን ምን እያደረገ ነው?»

«አሮጌውን እያጠፋ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ፈራህ?»

«ትንሽ።»

«እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እፈራለሁ» አለች። «ምንም ያህል ጊዜ ብሠራው አይለቀኝም።»

ይህን ለሥራ ባልደረቦቿ እንኳ ነግራ አታውቅም። ልጁ አላጽናናትም፣ አልቀለደምም። ዞር ብሎ አያት፤ የለካውን ዓይን ሳይሆን እሷን። መስመሩ ሞልቶ ካበቃም በኋላ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ለመመለስ ዘገዩ።

አዲሱ ሲስተም ሲነሳ አባትየው ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው እየሮጡ መጡ። «ተከፈተ? እንዴ! እንዲህ ከሆነማ ሳልላጭ ልቀር ነው!»

ሦስቱም እየሳቁ ሳለ እናትየው ሰማያዊ ጨርቅ ታቅፈው ገቡ። ለሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ የሦስት ሚዜዎች ቀሚስ ሊሰፉ ተቀብለዋል፤ ከመንገድ ጀምሮ ሐሳባቸው እሱ ላይ ነበር። ጨርቁን አስቀመጡ፣ እንግዳዋን በፈገግታ ሰላም አሉ፣ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ፈገግታቸው እዚያው ደረቀ።

«ንድፌ የት አለ?»

«የምን ንድፍ?» አለ ልጁ።

«የልብስ ንድፍ የምስልበት! መቀስ ያላት ምልክት! እዚህ ጋ ነበረች።»

የቀሚሱ እጅጌ፣ አንገቱ፣ ወገቡ፣ የዓመታት ሥራቸው በሙሉ በአንድ ፕሮግራም ነበር የሚሳለው። ልጅቷ ዲስኳን ሰካች። ሥዕሎቹ አሉ፤ አልጠፉም። ግን አንዱም አይከፈትም። ፕሮግራሙ የተሠራው ለአሮጌው ሲስተም ብቻ ነው።

«ይቅርታ፣ እማማ...»

«እማማ አትበይኝ! ንዴቱ ሳያንሰኝ አሮጊት ታደርጊኛለሽ ደግሞ? ሰው የሰው ዕቃ ሲነካ ባለቤቱን አይጠይቅም? ሌላ ፕሮግራም የለም ያለሽ ማነው?»

 ልጅቷ ልጁን አየችው። ልጁ ወለሉን አየ። አባትየው የአንገታቸውን ፎጣ ጫፍ ማጠፍ ያዙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ግማሹ እውነት ነው። ሌላኛውን ግማሽ የሚሸከምላት ሰው ጠብቃ ነበር።

ልጅቷ ስትወጣ ልጁ ደረጃው ላይ ተከትሎ ደረሰባት። «ልሸኝሽ...»

«ምላስህን ማን ያዘው?»

«እማዬ ስትቆጣ ቃል ይጠፋኛል።»

«የተቆጡት እኔን ነው። እኔ ግን ቃል አልጠፋኝም።» ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አነሳች። «ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፤ ለእሳቸው ስል። አንተ ባትኖር ደስ ይለኛል።»

በነጋታው እሑድ ልጁ በማለዳ ከቤት ወጣ። የሚሄድበት አልነበረውም። ዝግ የሆነውን ሱቅ ከፍቶ ገባና የጸዱትን መነጽሮች እንደገና ሲያጸዳ ዋለ።

ልጅቷ ደግሞ እንደ ቃሏ መጣች። እናትየው በሩን ከፍተው «ቁርስ በልተሻል?» አሉና ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። አዲሱ ሲስተም የአሮጌውን ፕሮግራም እንዲያስተናግድ የሚያደርግ ዘዴ አለ፤ እሱን ሞከረች። ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ወዲያው ተዘጋ። ሌላ መንገድ ሞከረች፤ ተከፈተ፣ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ መጣ። እናትየው ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው እንደ ድሮው በእርሳስ መሳል ጀምረዋል። ወረቀቱ እየተጠቀለለ አስቸገራቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ ሲያስብ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ፣ ይሄን ጫፍ ያዢልኝ።»

ያዘችላቸው። እናትየው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጎንበስ ብለው ሲያሰምሩ ቆዩና፣ ቀና ሳይሉ መናገር ጀመሩ።

«ልጄ ክፉ አይደለም። ሕፃን እያለ ሳህን ይሰብርና ስብርባሪው አጠገብ ቆሞ ዝም ይላል። አይሮጥ፣ አይዋሽ፣ አይናገር። እኔ ደግሞ ‹አሁን ይናገራል› እያልኩ እጠብቃለሁ። ይኸው ጢም አውጥቶም እየጠበቅኩት ነው።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አላውቅም? የወለድኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እኔን ተቆጡኝ?»

«ልጄን ስነግራት ምራቴ ትስማ ይባል የለ? እኔ ገለበጥኩት። ምራቴን ስቆጣ ልጄ ይስማ ብዬ ነው።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እርሳሱ ቆመ። ልጅቷ ፊቷ በአንድ ጊዜ ጋለ። እናትየው አንዴ አዩዋት፣ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

«ጥብቅ አድርገሽ ያዢ እንጂ፤ ተንሸራተተ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«አዎ፣ እትዬ ይሻላል» አሉና ሳቅ አመለጣቸው።

ከሰዓት በኋላ የጎደለውን የፊደል ፋይል ካሮጌዎቹ መሃል ፈልጋ አገኘችው። መቀስ ያላትን ምልክት ስትጫነው ሣጥኖቹ ፊደል ሆኑ፤ ከበታቻቸው የአንድ ቀሚስ እጅጌ ከትከሻ እስከ ጠርዙ ሳይጎድል ተዘረጋ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ልኩን አነበቡ። ሌላ ክፈቺ አሉ፤ ሌላ ከፈተች። የአንገቱንም አዩ። ሁሉን አይተው ሲጨርሱ የልጅቷን ትከሻ ያዝ አድርገው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ዓይናቸውን ሲጠርጉ እንድታያቸው አልፈለጉም።

ልጁ የገባው ያኔ ነው። እሷ ትኖራለች ብሎ አልጠበቀም፤ ወይም ጠብቆ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ ዲስኳን ነቅላ ከረጢቷ ውስጥ መክተት ጀመረች።

«እማዬ» አለ ልጁ ጮክ ብሎ። እናትየው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። አባትየውም ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሌላ ፕሮግራም የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ልትጠይቅሽ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተውኳት። ትናንት ዝም ያልኩት...» ከበሩ ገባ አለ። «አንቺን ፈርቼ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እሷ ፊት ሞኝ መምሰል ፈርቼ ነው። ስትወጣ ሳያት ግን ሞኝ መሆኑ በስንት ጣዕሙ አልኩ።»

«ዘግይተሃል» አሉ እናትየው። «ብቻ ደረስክ።»

«ጎሽ!» አሉ አባትየው። «በሉ አሁን የኔንም ካርታ መልሱልኝ።»

ልጁ የሚያየው ግን ልጅቷን ነበር። ለቅጣት እንደቀረበ ሰው፣ እጁን አውርዶ። ልጅቷ የከረጢቷን ዚፕ ዘጋች። እንደገና ከፈተችው። ዲስኩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«ቀሚሶቹ ገና አልተቆረጡም» አለችው። «እጅህን ታጠብና ወረቀቱን በዚያ በኩል ያዝ።»

እስኪመሽ ሁለቱ ከጫፍና ጫፍ ወረቀትና ጨርቅ ሲይዙ፣ እናትየው በመሃል ሲቆርጡ ቆዩ።  ጨርቁን ሲያጥፉ ጫፉን ከጫፉ ለማጋጠም እየተራመዱ መቀራረብ ነበረባቸው፤ እያንዳንዱ እጥፋት ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል። ጣቱ ጣቷን ሲነካ፣ ጨርቁን ወዲያው አልተቀበለችውም።

ቀሚሶቹ ለሠርጉ ደረሱ። ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲህ አላስቸገረም። ልጁ ግን ሥራ ሲጨርስ የልጅቷ መሥሪያ ቤት በር ላይ መቆም ጀመረ፤ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ እየተባለ የተጀመረው መሸኘት ፌርማታዎችን እየዘለለ ሄደ። እሱም ቀስ በቀስ አፉ ተፈታ። ሲከፋው ከፋኝ ይላል፤ ሲናፍቃት ናፈቅሽኝ ይላል። አንዳንዴ ያበዛዋል፤ እሷ ግን አልሰለቻትም።

ልጅቷን ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ለእህቱ ሲሆን የማይቀልድ። እንደሚዋደዱ ሊነግሩት በሄዱ ቀን መንገድ ላይ ተነጋግረው ነበር፤ መጀመሪያ እሷ ልትናገር፣ እሱ አጠገቧ ዝም ብሎ ሊቆም። በሩ ተከፈተ። ወንድምየው መፍቻ በእጁ እንደያዘ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

ልጅቷ አፏን ስትከፍት ልጁ ቀደማት።

«ጋሼ፣ መነጽር ሠሪ ነኝ። እህትዎን እወዳታለሁ። እርስዎ ከፈቀዱና እሷ ሐሳቧን ካልቀየረች ላገባት እፈልጋለሁ። ስናገር እሳሳት ይሆናል፤ ግን ዝም ብዬ ከማጣት ተናግሬ ብሳሳት ይሻለኛል።»

ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ። እሷ ልጁን እያየች ነበር፤ ሳቅም ዕንባም በሆነ ፊት። ወንድምየው ያን ፊት ጥቂት ተመለከተው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ በር ላይ ነው እንዴ የሚባለው?» አለና ከበሩ ፈቀቅ አለ። «ጫማህን ጥረግና ግባ።»

ልጅቷ ከኋላ ሆና እጁን ያዘችው። በላብ ርሷል። እስኪቀመጡ ድረስ አልለቀቀችውም።