አራተኛው ወንበር

ጭራን ጥለዋት ሊሄዱ ወሰኑ። የወሰኑት እሷ ሳህን ስታጥብ ነው።

በዚህ ቤት ሁሉ ነገር የሚወሰነው እንደዚያ ነው። እራት ይበላል፣ ትንሿ ሳህኑን ሰብስባ ኩሽና ትገባለች፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ሳሎን ውስጥ ወሬ ይጀመራል። ውሃው ሲወርድ ከወዲያ ምንም አይሰማም። እጇን አድርቃ ስትመለስ ነገሩ አልቋል። አልጋዋ ኮሪደር የወጣው እንደዚያ ነው። ድመቷ ለጎረቤት የተሰጠችውም እንደዚያ ነው።

ዛሬ ግን ውሃው መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ጭራ ከመጣች እኔ የለሁበትም!» የእህቷ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ጓደኞቼ እዚያ እየጠበቁኝ ነው። በየፎቁ ስር አፏን ከፍታ ቆማ ‹እዩት! እዩት!› ስትል… በእናትሽ እማ!»

«ጭራ የሌለው በር ሲዘጋ የሚያዝበት የለም» አለ ወንድሟ። ሁለቱም ሳቁ።

እናቷም ሳቀች። አንጀቷን የቆረጠው የእናቷ ሳቅ ነው።

ወንድምና እህቷ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። እሱ ምህንድስና፣ እሷ ሕግ። ቤት ውስጥ ኢንጂነሩና ጠበቃዋ ነው የሚባሉት። ትንሿ ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላቸው ስለማትጠፋ ጭራ ተባለች። አሁን አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ጉዞው የሷ ሐሳብ ነበር። ሁለቱ ለእረፍት ሲመጡ ሁላችንም ትልቁን ከተማ አይተን እንምጣ ብላ አባቷን በስልክ የለመነችው እሷ ናት። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። «እሺ ረዳቴ» አላት። እሱ ሁሌም ረዳቴ ነው የሚላት። «መንገዱን አንቺ ያዢው። ግን ሁላችሁም ከሄዳችሁ ነው።» አራቱንም ትኬት ቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ጭራ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ማደሪያ ፈልጋ፣ ባለቤትየዋን በስልክ አነጋግራ፣ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል አስያዘች። የት ወርደው በየት እንደሚሄዱ አጠናች። በሊፍት የሚወጣበት ረጅም ፎቅ አለ፤ ከላይ ሆነው ከተማውን ማየት ይቻላል። እሷ ከትምህርት ቤቷ ፎቅ በላይ ወጥታ አታውቅም።

ዛሬ እራት ላይም ነግራቸው ነበር። «አውቶብሱ አሁን የሚነሳው ከአዲሱ መናኸሪያ ነው። አሮጌው ተዘግቷል።»

ኢንጂነሩ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጭራ፣ አትወዛወዢ» አላት። ሌላ የሰማት የለም።

አሁን እናቷ ኩሽና ገባች።

«ውሃ ሄደ እንዴ?»

«ሄደ።»

«ሰማሽን?»

«ሰማሁ።»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ጫፉን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ቆመች።

«ሰማሽ እንግዲህ። የሰፋሁትን የሆቴል መጋረጃ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ሱቅ ሆኖ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ ነገር ይገባሻል።»

«ሳንሄድ እናስረክባለን ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አሁን ሌላ እያልኩሽ ነው።»

«ትኬቴስ?»

ጠበቃዋ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ። መሬት ላይ ይቆሽሽብኛል።»

ጭራ ቀልድ መስሏት እስክትስቅ ጠበቀቻት። አልሳቀችም።

«አባቴ ሁላችሁም ነው ያለው።»

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «አሁን ሲደውል ‹ፈተና አለብኝ፣ ራሴ ነኝ የቀረሁት› በይው። ከኛ ከሰማ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል። አንቺን ያምንሻል።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልሽ ማንም አይሄድም። ካገባሁ ጀምሮ ከዚያ ማሽን ስር ተነስቼ የትም ሄጄ አላውቅም። ያስቀረሽኝ አንቺ ትሆኛለሽ፤ በቃ።»

ስልኩ ሲጠራ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡት፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«ረዳቴ! መንገዱን ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ አባ።»

«ታዲያ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

ሦስቱም አፈጠጡባት። ኢንጂነሩ በእጁ ‹ቶሎ በይ› አላት።

«ፈተና አለብኝ አባ። ራሴ ነኝ የቀረሁት።»

ከአባቷ በኩል የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማል።

«ጎበዝ» አለ በመጨረሻ። ሌላ ጊዜ ጎበዝ ሲላት ድምፁ እንደዚህ አልነበረም። «እኔ እኮ አንቺ እንድታዪው ብዬ ነበር።»

ስልኩ ሲዘጋ ጠበቃዋ አጨበጨበች። «አንቺ! ተዋናይ ነሽ እኮ! የቁልፍ መያዣ ነገር ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«የምን ቁልፍ አላትና?» አለ ኢንጂነሩ። እንደገና ሳቁ። እናቷ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ተነሳች።

ጠዋት ቤቱ ተተራመሰ። ታክሲው ደጅ ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። ጭራ የቁርሱን ብርጭቆ ታጥባለች። ውሃው ከንጋት ጀምሮ መጥቷል፤ በቀጭኑ ነው የከፈተችው።

«የሱቁን ቁልፍ እንዳትጥዪው» አለች እናቷ። ጭራ ዞር አለች። እናቷ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳለች፤ ያለሱ አንገቷ የሌላ ሰው ይመስላል። ከንፈሯን ትንሽ ቀብታለች።

«ቦርሳዬን ቀስ!» ትላለች ጠበቃዋ ደጅ ሆና። «ወንበር ያለው ቦርሳ ነው!»

ኢንጂነሩ አንድ እግሩን ካወጣ በኋላ ከበሩ ተጣራ።

«ጭራ! አሮጌው መናኸሪያ ነው አይደል?»

አዲሱ መናኸሪያ በተቃራኒው በኩል ነው፣ ከከተማው ማዶ። አውቶብሱ ደግሞ በቀን አንድ ነው። ካመለጠ አመለጠ።

«ጭራ! እያናገርኩሽ እኮ ነው!»

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።