መርፌውን ሰክተሽ ተነሺ

ይመኙሽ ትባላለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። ቤቷ ጎንደር አራዳ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተራ ጀርባ ነው። ክርስትና ስሟ ወለተሩፋኤል ነው። ይህን ያዙልኝ ልጆች፣ ኋላ ይፈለጋል። የምትጽፊልኝ ልጄ ፋሲካ፣ አንቺም እንደምናገረው ጻፊው እንጅ አታሳምሪው።

እንግዲህ ይች ይመኙሽ መቀመጥ አትችልም። ሰነፍ ናት ማለቴ አይደለም፤ ሰነፍ ናት የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ውኃ ቅጅ ስትባል ጀሪካኑ እስኪሞላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቃ ትመለሳለች። ዳቦ አምጭ ስትባል ሩጫ ነው። መቀመጡ ላይ ነው ነገሩ። ደብተር ፊቷ ሲዘረጋ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ይጀምራል፤ ቷ ቷ ቷ ቷ።

አባቷ ደመቀ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር የሚባል የስፌት መኪና አለው። የሷም እግር ልክ እንደሱ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የክፍሏ ልጆች «ሲንጀር» የሚል ስም አወጡላት።

«ሲንጀር፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየሰፋሽ ነው?» ይላታል አንዱ።

«ያንተን አፍ» ትለዋለች።

መልስ አታጣም። ሰው ሲያያት ሳቂታ ናት። ሆዷ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። የቤት ሥራ ገና ሲሰጥ ሆዷ ቁርጥ ይላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስታይ ስለ መጨረሻው ታስባለች። ስለ መጨረሻው ስታስብ ሚኒስትሪ ፈተና ይመጣባታል። ሚኒስትሪ ሲመጣባት ብትወድቅ አባቷ ለሰው ምን ብሎ እንደሚናገር ታስባለች። እርሳሱ ገና ወረቀቱን አልነካም፤ እሷ ግን ወድቃ፣ ተሰድባ፣ አልቅሳ ጨርሳለች። ከናንተ ውስጥ እንዲህ የሚሆን ልጅ አለ? እጅ አታውጡ። ልባችሁ ይወቀው፣ ይበቃል።

ከዚያ ትነሣለች። መስኮቱን ትከፍታለች። መስኮቱን ትዘጋለች። ድመቷን ታባርራለች፣ ያባረረቻትን ድመት ፍለጋ ትወጣለች። ስትመለስ የት ላይ እንደነበረች አታውቀውም። እንደገና ከመጀመሪያ።

አባቷ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ጨርቅ በእጁ ሲወሰውስ ደንበኛ ቢጠራው መርፌውን ያቆመበት ቦታ ላይ ሰክቶ ነው የሚነሣው። ይመኙሽ ስታግዘውም ይህንኑ ነው የሚላት።

«መርፌውን ሰክተሽ ተነሺ። አለዚያ ስትመለሽ ጨርቁ አያውቅሽም።»

«እሽ» ትላለች፣ እየሮጠች። የሰማችው በአንድ ጆሮዋ ነው።

ማታ ማታ ታዲያ አባቷ ከመኪናው ሳይነሣ ይጠይቃታል።

«ይመኙሽ፣ የቤት ሥራሽንሳ?»

«ጨርሻለሁ አባዬ።»

«ሸጋ።»

ያች «ሸጋ» ነበረች እንቅልፍ የምትነሣት። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

የሒሳብ መምህሯ መምህር ፋንታሁን ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚረሱ ሰው ናቸው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ።

«ሚኒስትሪ ደረሰ። ነገ የሁላችሁንም ደብተር አያለሁ፣ ከትንሣኤ በዓል ወዲህ ያለውን በሙሉ። ያልሠራ አባቱን ይዞ ይምጣ።»

የይመኙሽ ደብተር ከበዓሉ ወዲህ ነጭ ነው። አባቷ ቢመጣ ያን ሁሉ «ጨርሻለሁ» ሊሰማ ነው። ያን ሁሉ «ሸጋ» ሊቆጥረው ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን በር አለፈች። ልባም ልጅ ብትሆን ምን ትላለች? «አባቴ ሩፋኤል፣ እንድሠራ እርዳኝ» ትላለች። ይመኙሽ ግን በሩን ተሳልማ እንዲህ ብላ ተሳለች።

«ቅዱስ ሩፋኤል፣ በስምህ የተጠራሁ ልጅህ ነኝ። ነገ መምህር ፋንታሁንን አታምጣቸው። ካስቀረህልኝ ጧፍ አስገባለሁ።»

ጭንቀቷ ወዲያው ቀለለላት። እየዘለለች ቤቷ ገባች። ያን ቀን ደብተሩን ከቦርሳው እንኳን አላወጣችውም። ተስያለሁ ብላ ነዋ። ስለት የገባ ሰው ሥራ አይሠራም ያላት ማን ነው? ማንም አላላትም።

በማግስቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደረሰ። መምህር ፋንታሁን የሉም። ቆዩ፣ አልመጡም። ክፍሉ ተደበላለቀ። አንዱ ጠረጴዛ ይደልቃል፣ አንዱ ያፏጫል። ይመኙሽ ወንበር ላይ ወጥታ እስክስታ ትመታለች።

«ሲንጀር ዛሬ ተፈታች» ይላሉ።

በሩ ተከፈተና ርዕሰ መምህሩ ገቡ።

«ተቀመጡ። መምህር ፋንታሁን ትናንት ማታ ከጋሪ ሲወርዱ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ሌላ የሒሳብ መምህር እስክናገኝ በራሳችሁ አንብቡ።»

ሁሉም ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የይመኙሽ እግርም ቆመ። ያ እግር፣ ከቷ ቷ በቀር ሥራ የማያውቀው እግር፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች በሆዷ። «እኔ ነኝ የሰበርኳቸው።»

አሁን መከራዋን እዩልኝ። ጧፉን ብታስገባ «መምህሬን ስለሰበርክልኝ አመሰግናለሁ» ማለት ሊሆንባት ነው። ባታስገባ ስለት የበላች ልትሆን ነው። ስለት የበላ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ብትናገር አባቷ ይሰማል። ዝም ብትል ሆዷ ዝም አይላትም። እህል አልወርድ አላት። ፊደል ስታይ እግር ይመስላታል። ጓደኞቿ «ሲንጀር ተበላሸች፣ ዘይት አድርጉላት» አሏት፤ መልስ አልመለሰችም። ያኔ ነው የታመመች መሆኗን ያወቁት።

ጧፉን ከቤት አንሥታ በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ሩፋኤል ሄደች። ዞረች። ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ እግሯ አልገባ አላት። እንደገና ዞረች። ጧፉ በእጇ ሙቀት ጎበጠ።

መምሬ ሐብተ ማርያም ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር። የነይመኙሽ ቤት የንስሐ አባት ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ መንገዱ ጠፋሽ? ጧፏስ ምነው አጎነበሰች?»

ያን ጊዜ ነው የፈነዳችው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ነጩን ደብተር፣ «ጨርሻለሁ»ን፣ ስለቱን፣ ጋሪውን። መምሬ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ሩፋኤል ማለት ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም አባቴ።»

«በስሙ ተጠርተሽ? እግዚአብሔር ይፈውሳል ማለት ነው። የሕመምተኛ ጠባቂ ነው። አንቺ ሐኪም ቤት ሄደሽ፣ እባክህ ዶክተር፣ ያንን ደኅና ሰውየ አሳምምልኝ ብትይው ምን ይልሻል?»

«ያባርረኛል።»

«አላባረረሽም፣ ግን አልሰማሽም። መልአክ ለልጅ ክፋት አይላላክም። የመምህሩ እግር ያንቺ ስለት ሥራ አይደለም። ክፉ መመኘትሽ ግን ያንቺ ነው። ውሸቱም ያንቺ ነው።»

«ጧፉንስ?»

«ጧፉን ይዘሽ ተመለሺ። መጀመሪያ ከሰው ታረቂ። ከሰው ያልታረቀ ጧፍ ጭስ ብቻ ነው።»

የመምህር ፋንታሁን ቤት በወለቃ መውጫ በኩል ነው። ይመኙሽ መንገዱን በሩጫ ጀመረችው፣ በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ኤሊ ሆነች። አንኳኳች። «ግቡ፣ መክፈት አልችልም» የሚል ድምፅ መጣ። ገባች። መምህሩ ወንበር ላይ ናቸው፤ በጀሶ የታሰረው እግራቸው በትንሽ በርጩማ፣ በዱካ ላይ ተጋድሟል። ጠመኔው ዛሬም ጆሯቸው ላይ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ የሰበርኩዎት።»

«አንቺ? ጋሪው ላይ አላየሁሽም እኮ።»

«እንዳይመጡ ለሩፋኤል ተስየ ነው። የቤት ሥራየን አልሠራሁም ነበር። ለአባዬም ጨርሻለሁ እያልኩ ስዋሽ ነበር።»

መምህሩን ሳቅ ያዛቸው። ሲስቁ እግራቸው ያማቸዋል፣ ሲያማቸው ያቃስታሉ፣ አቃስተው መልሰው ይስቃሉ።

«ስሚ ይመኙሽ፣ እኔ የሩፋኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። በየወሩ ስሙን የምጠራውን እኔን ባንድ ጧፍ ይለውጠኛል? የጣለኝ ማን እንደሆነ ልንገርሽ? ቅብጥብጥነቴ ነው። ባለ ጋሪው ቆይ እስኪቆም እያለኝ ዘለልኩ። አሁን እኔ መነሣት አልችል፣ አንቺ መቀመጥ አትችይ። እግዜር ሲያገናኘን።»

ይመኙሽ ልትስቅ አለችና አለቀሰች።

«ለኔ የተመኘሽውን ይቅር ብያለሁ» አሉ መምህሩ። «ለአባትሽ የዋሸሽው ግን የኔ እግር አይደለም፤ እሱን ራስሽ ሂደሽ ጠግኚው። አሁን ደብተርሽን አውጭ።»

አወጣች። እግሯ ጀመረ፤ ቷ ቷ ቷ። መምህሩ እግሯን አዩት። በመዳፋቸው ገጹን ሸፍነው አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀሩላት።

«ሌላው ዛሬ የለም። ይች ብቻ ናት ያለችው።»

አንዷን ሠራች። መዳፋቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ሌላ አንድ ወጣ። እሱን ስታጋምስ እግሯ አላስቀምጥ አላት።

«ቲቸር፣ ውኃ ላምጣልዎት?»

«አምጭ።»

ሄዳ አመጣች። ስትመለስ ቁጥሩ ሁሉ ባዕድ ሆነባት። የት ነበርኩ? ከየት ነው የመጣሁት? ይህን ጊዜ ያ በአንድ ጆሮዋ የገባው የአባቷ ቃል ትዝ አላት። ጨርቁ አያውቅሽም። እውነትም አላወቃትም።

የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ ከኮሌታዋ ሥር መርፌ አይጠፋም። ጥያቄውን እንደገና ይዛ ጨረሰችው። ቀጣዩ መካከል ላይ ስትደርስ እግሯ ተነሽ አላት። መርፌውን ነቅላ ያቆመችበት ቁጥር ላይ ሰካችው። ተነሣች። ግቢውን ዞራ መጣች። መርፌው እየበራ እዚያው ቆሞ ጠብቋታል። ነቀለችውና ከዚያው ቀጠለች።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ መምህሩ።

«እንዲያውቀኝ ነው» አለች።

ሲመሽ ቤቷ ገባች። አባቷ መኪናው ላይ ነው። ያለፈውን ሁሉ ሳትቀንስ ነገረችው። የመኪናው እግር ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ።

«ታዲያ እኔ ሸጋ ስል የነበረው ለምንድን ነው?»

«ለባዶ ነው አባዬ።»

ደመቀ ዛሬ የሠራችውን ገጽ ተቀበላትና ወደ መብራቱ አነሣው። በመርፌው ቀዳዳዎች ብርሃን ሾልኮ ገባ፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ የተነሣችባቸው ቦታዎች ሁሉ።

«ስንት ጊዜ ነው የተነሣሽው አንቺ» አለ።

«ስንት ጊዜ ነው የተመለስኩት አትለኝም?»

ደመቀ ጨርቁን ከዱካው ላይ አነሣና ዱካውን ከመኪናው ጎን አስጠጋው። «እዚህ ቁጭ በይ» አለ። «እኔም እሰፋለሁ፣ አንቺም ስፊ። ሆድሽ ቁርጥ ሲል ተነሺ፤ ግን ሰክተሽ።»

ከዚያ ወዲያ የአራዳ ሰው ሱሪ ለማሳጠር ሲመጣ ሁለት እግር ሲሄድ ይሰማል፤ የአባት እግር በመኪናው ላይ፣ የልጅ እግር በባዶው ላይ። «አያ ደመቀ፣ ሁለት መኪና ገዛህ እንዴ?» ይሉታል። አንዳንድ ቀን ትረሳለች፣ መርፌውን ሳትሰካ ትሮጣለች። ያን ቀን ታለቅሳለች። በማግስቱ ትቀመጣለች። ጭንቀቷ ጠፋ ብየ አልዋሻችሁም። ሚኒስትሪ ዕለት ጠዋትም ሆዷ ቁርጥ ብሎ ነበር። መርፌ ይዞ መግባት አልተፈቀደም፣ መነሣትም የለም። ጣቷን ጥያቄው ላይ ተክላ ሌላውን ገጽ በደብተር መዳፍ፣ ማለቴ በእጇ መዳፍ ሸፈነችው፤ መምህሩ እንዳሳዩዋት። አንድ። ከዚያ አንድ።

አለፈች። አንደኛ አልወጣችም፣ መካከል ላይ ናት። በሒሳብ ግን ደኅና አገኘች።

ጳጉሜን ላይ የሩፋኤል ዕለት መምህር ፋንታሁን በምርኩዝ እያነከሱ ቤተ ክርስቲያን መጡ። ይመኙሽ ያን የጎበጠ ጧፍ ይዛ ቆማለች። አብረው ገቡ። «ስለፈወስክልኝ» አለች፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብላ። ሲወጡ ዝናቡ ወረደ፤ የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው እያለ ልጅ ሁሉ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ይመኙሽ ነጠላዋን ለመምህሩ ወርውራ ገባችበት። ዘለለች፣ ዞረች፣ ጭቃውን ረገጠችው፤ ቷ ቷ ቷ ቷ። ቁጭ በይ ያላት ሰው አልነበረም።

ልጆቼ፣ ሥራ ሲከብዳችሁ ሰው እንዲወድቅላችሁ አትለምኑ፣ ያልሠራችሁትንም ሠራሁ አትበሉ፤ ጥቂት ሥሩ፣ መርፌውን ሰክታችሁ ተነሡ፣ ግን ተመለሱ።