ዘጠኝ ዲግሪ

ቴርሞሜትሩን ከውሃው ስታወጣው አራት ዲግሪ ይላል። መልሳ ነከረችው፤ እስከ መቶ ቆጥራ አወጣችው። አሁንም አራት ነው።

ከተቀመጠችበት ድንጋይ ሳትነሣ ደብተሩን ገለጠች። የትናንቱ መስመር በጓደኛዋ ክብ ክብ ፊደል ተጽፏል፤ «ማክሰኞ። የውሃ ሙቀት ዘጠኝ። ጎጆ የለም።»

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለግማሽ ማርክ አስተማሪዎች ቢሮ ድረስ ሄዳ ስለምትከራከር የክፍል ልጆች «ሚዛን» ብለው ሰይመዋታል። ዘጠኝ ዲግሪ የነበረ ወንዝ በአንድ ሌሊት አራት እንደማይሆን ለማወቅ ግን ሚዛን መሆን አያስፈልግም። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ውሃው ጎድሎና ጠርቶ የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጥላው ያልለቀቀው ዳርቻ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል።

ሥራው የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ነው። በየዓመቱ መፀው ሲያልቅ ትራውት የሚባለው ዓሣ ከታች ወደ ላይኛው ወንዝ ይወጣል። እናቲቱ በጭራዋ ጠጠሩን ትጭርና ጎድጓዳ ጎጆ ሠርታ እንቁላሏን ትቀብራለች። ከላይ ሲያዩት ጠጠሩ ታጥቦ የነጣ ክብ ቦታ እንጂ ሌላ አይመስልም። ቦቲ ያደረገ አጥማጅ አንድ ጊዜ ከረገጠው ግን በመቶ የሚቆጠር እንቁላል አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ከስድስት ዲግሪ ሲወርድ ወይም የመጀመሪያው ጎጆ ሲታይ፣ የወንዙ ጠባቂ ላይኛውን ወንዝ ለአጥማጆች ይዘጉታል። ወንዙ ረጅም ነው፤ ጠባቂው አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ቀን በቀን እየተፈራረቁ ለክተውና ቆጥረው ሲጽፉላቸው ደብተሩን ያምኑታል። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ግን ሚዛን እግሯ ወለም ብሏት ወንዝ ስላልወረደች፣ የእሷንም ተራ የጻፈችው ጓደኛዋ ነች።

ሚዛን ተነሥታ በዳር በዳር ወደ ላይ ሄደች። አንድ ነጭ ክብ አየች። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት። ወንዙ ታጥፎ እስከሚሰወርበት ድረስ ሰባት ቆጠረች። አራተኛው መሐል ላይ የቦቲ ዱካ አለ፤ ተረከዙ ሳይቀር ይታያል።

ሰባት ጎጆ በአንድ ሌሊት አይቆፈርም። ነገሩ አልዋጥ አላት።

ጓደኛዋ «ሬዲዮ» ነው የምትባለው፤ ጠዋት ከተከፈተች ማታ ነው የምትዘጋው። ሰሞኑን ግን ድምጿ ጠፍቷል። ይኸም ለሚዛን አሁን ነው ትዝ ያላት። የሬዲዮ አጎት ደግሞ እንግዶችን ወንዝ ወስደው በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ የሚያለማምዱ ሰው ናቸው። ላይኛው ወንዝ ከተዘጋ የእሳቸውም ሥራ እስከ ብርዱ ማብቂያ ይዘጋል።

«የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» አለች ሚዛን ለራሷ።

ወደ ቤቷ ስትሄድ በአጎትየው ሱቅ በኩል ዞረች። በሩ ላይ እስከ ደረት የሚደርሱ ሦስት የጎማ ሱሪዎች ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ። አጎትየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ከጥፍር የማትበልጥ መንጠቆ በትንሽ ማሠሪያ ወጥረው፣ ላባና ክር እየጠመጠሙ ዝንብ ይሠራሉ። ሁለት እንግዶች ቆመው ያያሉ።

«በዚህ ወቅት ትልቅ ዝንብ ይዛችሁ እንዳትመጡ» ይሏቸዋል። «ብርድ ነው፤ ዓሣው ሰንፏል። ጥልቅና ዝግ ያለው ውሃ ውስጥ ተኝቶ አፉ ሥር የመጣለትን ብቻ ነው የሚቀምሰው። ከእኩለ ቀን በፊትም አትልፉ፤ እሱም እንደ እኔ ፀሐይ ሳይሞቅ አይነሣም።» እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ ሚዛንን አይዋት። «አንቺ ሚዛን፣ ነይ ግቢ። ውሃችን ዘጠኝ ነው አሉ፤ ሬዲዮ ነገረችኝ። ዛሬስ ስንት ሆነ?»

«ገና አላሰላሁትም» አለች።

«ቴርሞሜትርም ይሰላል እንዴ?»

እንግዶቹ እንደገና ሳቁ። ሚዛን አልሳቀችም። ለምን ጠየቋት? ለምንስ «ዘጠኝ» ሲሉ አፋቸውን ሞልተው አሉት? የሚንጠባጠቡትን የጎማ ሱሪዎች እያየች ወጣች። በልቧ ሁሉም ነገር ገጥሟል፤ አጎት ያዝዛል፣ የእህት ልጅ ትጽፋለች፣ እንግዳ ይረግጣል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሬዲዮን ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን አገኘቻት።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው ወንዝ የወረድሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«ውሃው እንዴት ነበር?»

«ውሃ ነበር።» ሬዲዮ ቀና አላለችም።

«ዘጠኝ ዲግሪ ውሃ?»

«ምን ሆነሻል? ፖሊስ ነሽ እንዴ? ሙድ አትያዢብኝ በናትሽ።» ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሚዛን ከወንበሩ ሥር አየች። ሬዲዮ ክፍል ውስጥ የምታስቀምጠው የወንዝ ቦቲ እዚያው ነው። ጎንበስ ብላ ነካችው። ጭቃው ደርቆ እንደ ኖራ ይረግፋል፤ አንደኛው ውስጥ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። ይኼ ቦቲ ማክሰኞ ቀርቶ ባለፈው ሳምንትም ውሃ አልነካም። እንግዲህ ቁጥሩ ከቤት ነው የመጣው። ከማን ቤት? ከአጎት ቤት ነዋ።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጠባቂው ክፍል ሄደች። ክፍሏ የወንዙ ድልድይ ጋ ሳይደረስ ነች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የወንዙ ካርታ። ጠባቂው መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ሰባቱን በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ ጋሼ። አንዱ ተረግጧል።»

«ታዲያ ይቺ ዘጠኝ ምንድነች?»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። እውነቱም እሱ ነበር።

«አጎቷን ይጠይቋቸው» አለች። «እስከ እሑድ እንግዳ አላቸው። ቁጥሩን እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ያጻፏት።»

ጠባቂው መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ሲጠቁር አየችው። «ይኼን ሰው ሃያ ዓመት አምኜዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ካፖርታቸውን አነሡ፤ ደብተሩን ኪሳቸው ከተቱ። «ላይኛው ወንዝ ከአሁን ጀምሮ ተዘግቷል። የእሱም የማጥመድ ፈቃድ ነገሩ እስኪጣራ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ሞተር ብስክሌታቸው ተነሥቶ ሲሄድ ሚዛን መንገዱ ላይ ቀረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ወንዙ ተዘግቷል። ግን ደስ አላላትም።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ የሬዲዮ ተራ። ሚዛን ከድልድዩ ወዲህ ካለው ግንብ ጀርባ ሆና ጠበቀች። እጅ ከፍንጅ ልትይዛት ነው።

ሬዲዮ መጣች። ድልድዩን ተሻግራ ወደ ውሃው የሚወስደው ደረጃ አናት ላይ ቆመች። አንድ ደረጃ ወረደች። በሁለት እጇ የብረቱን ድጋፍ ያዘች። ሁለተኛውን ደረጃ በእግሯ ጫፍ ነካችና እግሯን መለሰችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጻፈች።

ሚዛን ከተደበቀችበት ወጣች። «ስንት ሆነ?»

ሬዲዮ ደንግጣ ብድግ አለች። ወረቀቱን ልትደብቅ አሰበችና ተወችው። «ስምንት ተኩል» አለች። «ዘጠኝ ሲደጋገም ያስነቃል ብዬ ነው።»

«ማነው የሚነግርሽ?»

«የአምናው ደብተር። ከሱ ነው የምገለብጠው።» ተመልሳ ተቀመጠች። «ከሁለት ሳምንት በፊት አንሸራተተኝ። ከትልቁ ድንጋይ ላይ። ውሃው እስከ እዚህ ያዘኝ።» ደረቷን አሳየች። «ቦቲው ሞላና ወደ ታች ጎተተኝ። የዛፍ ሥር ባልይዝ ኖሮ... ከዚያ ወዲህ ከዚህ ደረጃ በታች እግሬ አይታዘዘኝም።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ለእማዬ ብነግራት ከቤት አታስወጣኝም። ለክፍሉ ብነግር የአጥማጅ ዘር ውሃ ፈራች ተብዬ እስከምመረቅ መሳቂያ እሆናለሁ። አጎቴ ደግሞ...» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «በየቀኑ ስንት ሆነ ይለኛል። ስነግረው ያምነኛል። ጎጆ ቢኖርማ እንግዶቹን እዚያ አያስገባም፤ እንኳን ሊረግጥ ሌላ ሲረግጥ ካየ ያብዳል።»

ሚዛን አጠገቧ ተቀመጠች።

«አጎትሽ አላዘዙሽም?»

«ምን ብሎ ነው የሚያዝዘኝ?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሚዛን ግን ማውጣት ያለባት ሌላም ነገር ነበር፤ አወጣችው። ሰባቱን ጎጆ፣ ዱካውን፣ ቦቲ ውስጥ ያለችውን ሸረሪት፣ ከዚያም ለጠባቂው ያለችውን ቃል በቃል ነገረቻት። ስትጨርስ ሬዲዮ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። ሚዛን ጭቅጭቅ ጠብቃ ነበር።

«እኔ በዋሸሁት እሱን?» አለች በመጨረሻ ሬዲዮ።

«አዎ።»

«አይተሽ ነው?»

«አይደለም። ገምቼ ነው።»

ሬዲዮ ተነሥታ ቁልቁል ወደ ሱቁ መሮጥ ጀመረች። ሚዛን ተከተለቻት። ጎን ለጎን ሮጡ እንጂ አልተነጋገሩም። እንደ ድሮው ይሆኑ እንደሆነ፣ ወይ ከዛሬ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆነው ይቀሩ እንደሆነ ሚዛን አታውቅም፤ መጠየቂያውም ጊዜ አሁን አይደለም።

የጠባቂው ሞተር ብስክሌት ሱቁ በር ላይ ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«የእህትህን ልጅ ለዚህ ታስገባታለህ ብዬ...» ይላል የጠባቂው ድምፅ።

«ሃያ ዓመት ስታውቀኝ?» ይላል የአጎትየው። ቀጥሎ አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ምናልባት ፈቃዳቸው ነው።

ሬዲዮ እጀታውን ያዘች። «እኔ ልቅደም» አለች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ስማቸውን የጠራሁት ግን እኔ ነኝ» አለች ሚዛን። «ያንቺን አንቺ ትናገሪያለሽ። የኔን እኔ ልቅደም።»

ሬዲዮ አየቻት። እጀታውን ለቀቀች።

ሚዛን በሩን ገፋችው። ሁለቱም ሰዎች ዞሩ። ጠረጴዛው ድረስ ሄደች።

«ጋሼ» አለች ለጠባቂው፤ «ቅድም ያየሁትንና የገመትኩትን ቀላቅዬ ነው የነገርኩዎት። አሁን ያየሁትን ብቻ ልንገርዎት።»

ጠባቂው ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው ገለጡት፤ እስክትጀምርም ጠበቁ።