የጎደለችው ማጭድ

«እሺ ብላችሁኝ ነበር እኮ!» አለ አለበል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አያ አካለ ወልድ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ በማሳው ድንበር ሹልክ ሊል ሲል ተያዘ። መታየቱ ደስ አላለውም። ቆም አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ ማለቱማ ምን ክፋት አለው አለበል? እሺ ነው ያልን።»

«ታዲያ የታላችሁ? ፀሐይዋ እኮ አናት ልትደርስ ነው!»

«የጥሩአየሁ የረጠበው ጤፍ አለ። እሱን እናንሳ ብለን ነው። ያንተንም... እንግዲህ እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔ የጠየቅሁት እናንተን ነው!»

አያ አካለ ወልድ ሳቅ አለ። የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «አንተማ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነህ፤ ምን ይቸግርሃል» አለና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ።

አለበል ባለበት ቆሞ ቀረ። «ገበያ? ምን ማለቱ ነው?» አለ ወደ ልጁ ወደ ወይንእሸት ዞሮ።

ወይንእሸት ቀና አላለችም። ካጎነበሰችበት ሌላ እቅፍ ጤፍ ሰበሰበች። ምን ማለቱ እንደሆነ በዚያ ማሳ ላይ ካሉት ሁለት ሰዎች የምታውቀው እሷ ነበረች።

ጤፋቸው ታጭዶ ተኝቷል። አባትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ወገባቸው እስኪቆረጥ አጭደውታል። አሁን የቀረው መሰብሰብና መከመር ነው። ዱሮ ቢሆን ይህ ማንንም የሚያስቸኩል ሥራ አልነበረም። የዱሮው ኅዳር ቃሉን የሚጠብቅ ወር ነበር፤ ጤፍ ታጭዶ ሳምንት ቢተኛ የሚነካው ነፋስ ብቻ ነው። ሰማዩ ዓመል ካወጣ ወዲህ ግን ደመናው በአዝመራ መካከል ሳይጠሩት ይመጣና የተኛውን ጤፍ ያጥበዋል። የረጠበ ጤፍ ደግሞ ወይ ይጠቁራል፣ ወይ እዚያው ማሳው ላይ ይበቅላል።

የመንደሩ ሰው ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአባቶቹ የወረሰውን ወንፈል አጠበቀ። የማን ጤፍ ደረሰ? ሁሉም ማጭዱን ይዞ እዚያ። ከሱ ቀጥሎስ የማን ነው? ሁሉም ወደዚያ። በእድሩ ገንዘብ አንድ ትልቅ ሸራ ተገዛ፤ ሸራው ወንፈሉን እየተከተለ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ወንፈል የሌለው ሸራም የለውም። ይህን ሁሉ የሚያስረው ቃል ነው፤ ሌላ ገመድ የለውም።

ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ነበር። ነገ ቅዳሜ፣ ቀጥሎ እሑድ፣ ሰኞ ኅዳር ሚካኤል፤ ሦስቱም ማሳ የማይገባባቸው ቀናት ናቸው። «ቄሶቹ ዝናቡን ፈርተው ቢፈቅዱ እንኳ እኔ በሚካኤል ማጭድ አልይዝም» ብሏል አለበል፤ አንዴ ካለ ደግሞ አለ ነው። ከግብርና ባለሙያው በስልክ የመጣውን መልእክት ያነበበችለት ወይንእሸት ናት። ያለ ወቅቱ ዝናብ ስለሚጠበቅ የደረሰ ሰብላችሁን ፈጥናችሁ ሰብስቡ ይላል።

«ሰብስቡ ይለኛል!» አለ አሁንም፣ ባለሙያው ፊቱ የቆመ ይመስል። «በስንት እጅ? እናትሽ አራስ፣ እኔ አንድ፣ አንቺ ልጅ!»

ከወንዙ ማዶ፣ ከእትዬ ጥሩአየሁ ማሳ፣ የሰው ሳቅ ተሰማ። አለበል የያዘውን ነዶ መሬት ላይ ወረወረው።

«ስሚ! ስሚ እንጂ! ለኔ ሰው ጠፋ፣ እዚያ ማዶ ሰርግ ነው! እኔ የማን ማሳ ላይ ያላጎነበስኩት አለ? ለጥሩአየሁ እንኳ ገበያ መውጣት ቢኖርብኝ ልጄን በኔ ፈንታ ልኬያለሁ! ልኬያለሁ ወይስ አልላክሁም?»

«ልከሃል» አለች ወይንእሸት። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት።

እውነቱን ነው፣ ልኳታል። ያን ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ለአራስ ቤት የሚሆን ቅቤ ሊገዛ በግ ነድቶ ወደ ብቸና ወጣ። «በኔ ፈንታ አንቺ ግቢ። ማጭዱን ስዬልሻለሁ» ብሏት ነበር ሲወጣ። በዚያው ቀን ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ሞጣ ሄዶ ሊጫወት አውቶብሱ ቆሟል። ወይንእሸት ለዚያች ቀን ስንት ጊዜ በባዶ እግሯ በድንጋይ ጎል ላይ ስትለማመድ እንደከረመች እሷ ታውቃለች። ወንዙ ዳር እትዬ ጥሩአየሁን አገኘቻቸውና አንዲት ነገር ተናገረች።

«እትዬ፣ አባቴ ገበያ ሄዷል። ዛሬ አይመቸንም ብሏል።»

«እሺ» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሞጣ ደርሳ ጨዋታውን ከሞላ ጎደል ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆና አየችው። ሊያልቅ ሲል ገባች፤ ኳስ አንዴ ነካች፤ እሷኑም ወደ ውጪ ሰደደቻት። ሲመለሱ ዝናቡ የአውቶብሱን መስታወት እየደበደበ ነበር። በእትዬ ጥሩአየሁ ማሳ ደግሞ አንድ ማጭድ ጎድሎ ኖሮ፣ ዳር ዳሩ ሳይታጨድ፣ የታጨደውም ተከምሮ ሳያልቅ ያ ዝናብ ደረሰበት። ማታ አባቷ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲላት «ደህና ዋልን» አለችው። «ተባረኪ፤ ቃሌን አስከበርሽልኝ» ብሎ መረቃት። ምርቃቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገትጌዋ ውስጥ እንደገባ እብቅ ይበላታል።

«አንቺ ልጅ! ስልክሽ ምን ሆነ?»

ወለተ ሐና ናት፣ የክፍል ጓደኛዋ። ከመንገዱ እየሮጠች ወርዳ ማሳው ዳር ቆመች። የስፖርት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ሞጣዎች ዛሬ ለመልሱ እየመጡ ነው፤ ረሳሽው እንዴ? ኮች ከመጀመሪያው ትገቢያለሽ ብሏል! ቋሚ ነሽ! አሥራ አንድ ቁጥሩ ላንቺ ተሰጠ። ይኸው፣ ማልያሽን ይዤልሽ መጣሁ!»

ወይንእሸት ወደ አባቷ አየች። አለበል ራቅ ብሎ ብቻውን ይከምራል።

«አልመጣም» አለች።

«ሙድ ነው የምትይዢብኝ?»

«ጤፉ እኮ ተኝቷል።»

«ባለፈውስ ጤፍ አልነበረም? አንድ ነገር ብለሽ ወጣሽ አይደል? ዛሬም አንድ ነገር በያ!» ወለተ ሐና ሳቀች። ክፋት የለባትም፣ የልጅ ነገር ነው። «ትምህርት ቤት በጥብቅ ትፈለጊያለሽ ብለውሻል ልበልልሽ? እኔ እነግረዋለሁ።»

«እንዳትነግሪው!»

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ወለተ ሐና ሳቋን አቆመች።

«እህ! ምን አልኩሽ? እሺ፣ ተይው» አለች ተቀይማ።

«አንቺም እሺ ትያለሽ! ሁሉም ሰው እሺ! እሺ ይሉና አይመጡም። ተቀየምን አይሉም፣ ለምን ቀረህ ብለው አባቴን አይጠይቁትም! አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ የሚወጣው የማን ጉድ ነበር? በዝናቡ ተናደደች፣ በጎረቤቶቹ ተናደደች፣ አንዴ ብቻ ነክታ ባወጣቻት ኳስ ሳይቀር ተናደደች። ንዴቷ ሁሉን ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሷው ላይ ዐረፈ።

ጎንበስ ብላ ማጭዱን አነሳች።

«ማልያውን ለሌላ ስጪው» አለቻትና ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አለ አለበል ከወደ ክምሩ።

«እመጣለሁ» አለች ሳትዞር።

እማዶ ስትደርስ ወሬው ቀጥ አለ። ገሚሱ በዝናብ ተመትቶ የተጋደመውን ያጭዳል፤ ገሚሱ የረጠበውን ይገለብጣል። ሸራው ዳር ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«እንዴት ነው?» አለ አያ አካለ ወልድ። «አለበል ዛሬስ ገበያ አልወጣም? ወይስ የኛን እርጥብ ጤፍ ልትገዛለት ልኳት ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ወይንእሸት ጆሮዋ ጋለ፤ ግን አልቆመችም። እትዬ ጥሩአየሁ ከሰው ገለል ብለው አጎንብሰዋል። አጠገባቸው ሄደች።

«እትዬ፣ ያን ቀን አባቴ አይመቸንም አላለም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በኔ ፈንታ ግቢ ብሎኝ ነው የሄደው። ማጭዱን እንኳ ስሎልኛል። ሞጣ ኳስ ልጫወት የሄድኩት እኔ ነኝ። ለእርስዎ አንድ ነገር አልኩ፣ ለሱ ሌላ አልኩ።»

ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። ወይም እንደ ሁልጊዜው «አይዞሽ ልጄ» ይሉኛል ብላም ተስፋ አድርጋ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። እትዬ ጥሩአየሁ ከእግራቸው ሥር እፍኝ ጤፍ አነሱና አፍንጫዋ ሥር አስጠጉላት። ሻግቷል።

«ለዘር ያሰብኩት ነበር» አሉ።

ወይንእሸት ከእፍኙ ቁንጥር አንስታ በጣቷ አሸችው።

«ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ለኔ መንገርሽ ምን ይረባኛል? ያንቺ ልብ ይቅለል ብለሽ ነው? እኔ እኮ አለበል ቃል የለውም ብዬ በሰው ፊት ስሙን አንስቻለሁ። ይኸ ሁሉ ሰው በኔ አፍ ነው ከሱ ማሳ የቀረው። ያን ማን ይመልስልኛል?»

ይህን አላሰበችውም ነበር። እውነቱን ከተናገረች ሸክሙ የሚወርድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ይኸው፣ ጭራሽ ሁለት ሰው ላይ ሆነ።

«የጎደለችውን ማጭድ ልሙላ» አለች በመጨረሻ።

«የናንተው ማዶ ተኝቶ?»

«አዎ።»

እትዬ ጥሩአየሁ በምሥራቅ በኩል የሚጠቁረውን ደመና አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ።

«እሺ» አሉ።

የትኛው እሺ እንደሆነ ወይንእሸት ልትለየው አልቻለችም። ዳር ላይ ተጋድሞ የቀረውን መደብ ያዘችና ማጨድ ጀመረች። የተጋደመ ጤፍ ለማጭድ አይመችም፤ መሬት መሬቱን መፈልቀቅ ይጠይቃል። ማንም አላናገራትም። ማንም ግን ሂጂ አላላትም። ከላይ በመንገዱ አንድ አውቶብስ ክላክሱን እየነፋ ወደ ብቸና አለፈ፤ ውስጡ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ። ሞጣዎቹ ናቸው። ድምፁ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ እጇን አላቆመችም።

«ወይንዬ!»

አለበል ወንዙ ዳር ቆሟል። ፊቱ በላብና በአቧራ ዥጉርጉር ሆኗል።

«አብደሻል? የኛ ተኝቶ የሰው ታነሺያለሽ? ያውም የነዚህን? እሺ ብለው የከዱኝን? ነይ ውጪ ከዚያ!»

ማጭዶቹ ሁሉ ቆሙ። አያ አካለ ወልድ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት እትዬ ጥሩአየሁ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙት። ከዚያ ወይንእሸትን አዩዋት። አልረዷትም፤ አላጋለጧትም። ጠበቁ።

ልትሻገር አንድ እግሯን አነሳች። እዚያ ማዶ፣ ሰው በማይሰማበት፣ ቀስ ብላ ለአባቷ ብቻ ልትነግረው ትችላለች። ተቆጥቶም ቢሆን ይሸፍንላታል፤ አባቷን ታውቀዋለች። ለነዚህ ሰዎች ደግሞ ከቤቱ አንድ ሌላ ምክንያት ይዞ ይመጣል።

እግሯን መለሰች።

«አባዬ፣ ተሻገር!» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ተሻገር። የምናገረው አለኝ፤ ለአንተም ለነሱም ነው። ከእንግዲህ ለየብቻ አልናገርም።»

አለበል ልጁን አየ፤ ከኋላዋ የቆሙትን ሰዎች አየ፤ ዞሮ ማሳው ላይ የተኛውን ጤፉን አየ። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ መጣ። ወይንእሸት ደመናው የት እንደደረሰ ለማየት ቀና አላለችም። አባቷ ወንዙን እስኪሻገር ድረስ ጎንበስ ብላ ሌላ እፍኝ ያዘች።