ሁለት ጣት ጨርቅ

«ይሄ እጅጌ ክንድ አያስገባም» አሉ ቆራጩ፣ የወረቀቱን ንድፍ በጠመኔያቸው ጫፍ እየነካኩ።

ልጅቷ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለችም። ንድፉን የሠራችው እሷ ናት፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የንድፍ ፕሮግራሙንም ብቻዋን በሁለት ሳምንት ነው የቻለችው። የስፌት ቤቱ ባለቤት እናቷ ይህንኑ ለደንበኛ ሁሉ ስታወራ ሰንብታለች።

«ጋሽ ሜትር፣» አለች እናትየው። ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሰፊዎቹ ያወጡላቸው ስም ነው። «ኮምፒውተር ተሳሳተ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣ እትዬ። ክንድ ግን አውቃለሁ።»

ሰፊዎቹ ሳቁ። እናትየው አልሳቀችም።

«ባለፈው ስለ ኪሱ፣ ከዚያ በፊት ስለ ክሩ። እርስዎ መቼም ነገር አያጡም! ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርሙን ሰኞ ይፈልጋል። ይቁረጡ በቃ።»

ሰውየው አርባ ጊዜ የተነባበረውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ማስተካከል ጀመሩ።

ልጅቷ ፋይሉን የከፈተችው ትክክል መሆኗን ለማየት ብቻ ነበር። «ለስፌት የሚተው» የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ተቀምጧል። ከግራ አንድ ጣት፣ ከቀኝ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ጨርቅ ረስታለች።

ጆሮዋ ጋለ። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ዩኒፎርሙ ሲበላሽ «ቆራጩ አበላሹት» ይባላል፤ መቁረጫ ማሽኑን የያዙት እሳቸው ናቸዋ። እናቷ ደግሞ የቀድሞውን ቆራጭ ከዚህ ባነሰ ነገር ነው ያሰናበተችው።

መቁረጫ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ።

ልጅቷ ተነስታ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ምን ነካሽ?» አለች እናቷ።

«እጅጌው ጠቧል። ንድፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። «ስለ ኪሱስ ምን ነበር ያሉት?»

ጋሽ ሜትር እናትየውን አዩ። እናትየው የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ ጨርቁን አየች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በአጭሩ ይሁን» አለች።

አጭር አልነበረም። ልጅቷ ሶኬቱን እንደያዘች፣ እስኪጨርሱ ድረስ ቆመች።