በሩን የዘጋችበት ሰው

መጀመሪያ ያየችው በሩን ከዘጋችበት በኋላ ነው።

የላብራቶሪው ትልቁ ክፍል ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የበሩ ጀርባ ሳይቀር በሾጣጣ ስፖንጅ የተሸፈነ ነው። በሩ ሲዘጋ የውጭ ኔትወርክ አይገባም፣ ድምፅ እንኳ ስፖንጁ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። የእሷ ሥራ የውጩን ዓለም እዚያ ውስጥ መፍጠር ነበር። ከየመንገዱና ከየሕንፃው የተቀዳውን የኔትወርክ ሁኔታ በዙሪያው በተተከሉት አንቴናዎች እያጫወተች፣ የሚፈተነው ዕቃ ይሠራ እንደሆነ ታያለች። ከመናገር መስማት ስለምትወድ ባልደረቦቿ «ስፖንጅ» ይሏታል። የነገሯት ሁሉ ይገባል፣ ተመልሶ ግን አይወጣም!

ያን ቀን በሩን ከውጭ ዘግታ ፈተናውን ስትጀምር ስክሪኑ ላይ የኔትወርኩን ጥንካሬ የሚያሳየው መስመር ቁልቁል ወረደ። ኬብሉን ነካካች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። መስመሩ ወይ ፍንክች! ቢቸግራት በሩን ከፈተችው።

አንድ ረጅም ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ከስፖንጁ መሀል ቆሟል።

«ሳንኳኳ ነበር» አላት። «ግን ስፖንጅ ማንኳኳት... ትራስ እንደ መደብደብ ነው።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«የቀዳሁትን ይዤ መጥቼ ነው። አለቃ ‹ግባ› አሉኝ። የት እንደምገባ ግን አልነገሩኝም።»

ሳቋ አመለጣት።

አንቴና በጀርባው አዝሎ በየመንገዱና በየደረጃው ኔትወርክ የሚቀዳው እሱ ነበር፤ «ዟሪው» ይሉታል። ከዚያን ቀን ወዲህ የቀዳውን ሁሉ ራሱ ይዞ ይመጣ ጀመር።

«በኢንተርኔት መላክ ስትችል?» አለችው አንድ ቀን።

«ኔትወርኩ ደካማ ነው» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሌላ ቀን ግን ቀልዱን ተወው።

«የምመጣው አንቺን ለማየት ነው። አንቺስ... ስመጣ ደስ ይልሻል?»

ልቧ «አዎ!» እያለ ይጮሃል። አፏ ግን እንደ ልማዱ ነው። ጎንበስ ብላ ያልተወሳሰበ ኬብል መፍታት ጀመረች። ትንሽ ጠብቋት ሄደ።

በዚያው ሰሞን አንድ አምባር እየፈተነች ነበር። አረጋውያን እጃቸው ላይ ያስሩታል፤ ከወደቁ ራሱ ደውሎ ከእርዳታ ሰጪ ጋር ያነጋግራቸዋል። ፈተናውን ሁሉ አልፏል። ለሙከራ ከታሰረላቸው ሰዎች አንዷ የዟሪው እናት ነበሩ።

አንድ ጠዋት ዟሪው ስብሰባ መሀል ፊቱ ገርጥቶ ገባ።

«እናቴ ደረጃ ላይ ወደቀች። አምባሩ አልደወለም። ጎረቤት ባይደርስላት ኖሮ... የዚህ ክፍል ፈተና ውሸት ነው!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ደነገጠች፣ አፈረች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ነገሩ፣ «ፈተናው ልክ ነው! የተበላሸው አንተ የቀዳኸው ይሆናል!» አለችው።

አተኩሮ አያት።

«ያን ስጠይቅሽ ዝም ብለሽ... ለዚህ አፍ አወጣሽ? ይህ አምባር ለእናቴ እስኪደውል ድረስ እዚህ በር አልደርስም።»

እንዳለውም ቀረ።

እሱ የቀዳውን የዚያን ደረጃ ኔትወርክ ደጋግማ አጫወተችው። አምባሩ ፕላስቲክ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ሁሌም ይደውላል። ማልቀስ እስኪቃጣት ድረስ አፍጥጣ አየችው። ድንገት ያ ቁልቁል የወረደ መስመር ትዝ አላት። ያኔ መስመሩን ያወረደው... ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ነው!

አምባሩን ከማቆሚያው ፈትታ እጇ ላይ አሰረችው። ገብታ እጇን ከደረቷ በታች አድርጋ በሆዷ ተኛች። አለቃዋ በሩን ዘግተው ደረጃውን አጫወቱ። ሲከፍቱ ግራ ገብቷቸዋል።

«አልደወለም!»

«አልደወለም!» ብላ እየጨፈረች ተነሳች። በሥራ ዘመኗ በወደቀ ፈተና እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

ወዲያው ለዟሪው ደወለችለት።

«ልክ ነበርክ። ደረጃውን አስገብቼ፣ ግድግዳውን አስገብቼ... ሰው ረሳሁ። የሰው ገላ ኔትወርኩን ይውጠዋል። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እና አሁን?» አላት።

«አሁን እናስተካክለዋለን።»

በአምባሩ ማሰሪያ ሌላ ወገን ሁለተኛ አንቴና ተጨመረ፤ አንዱ ቢታፈን ሌላው እንዲናገር። የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ እናቱ ድነው ነበር። «የወደቅሁት እኔ፣ የምፈትነውም እኔ!» ብለው ድርቅ አሉ። ልጃቸውም ይዟቸው መጣ። ግን ደጅ ቆመ።

«ቃሌ ነው። ከደወለ እገባለሁ» አላት።

እናቱ ክፍሉ ውስጥ በተነጠፈላቸው ፍራሽ ላይ እጃቸውን ከደረታቸው ሥር አድርገው ተኙ። በሩ ተዘጋ። ደረጃው መጫወት ጀመረ። መስመሩ ወረደ... ወረደ...

አምባሩ የሚደውልበት የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ!

ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ሄሎ! ልጄ፣ ወድቄያለሁ!» አሉ እናቱ። «ደግሞ እንዴት ይመቻል መሰለሽ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው!»

ስክሪኑ ያለበት ክፍል በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። አለቃዋ እንኳ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዟሪው ከደጅ በሩጫ ገባ።

«ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው» አሉ እናቱ። «ልጄ አንድ ነገር ጠይቆሽ ዝም ብለሽዋል አሉ። እንግዲህ መልስሽን ሳልሰማ አልነሳም!»

«እማዬ!» አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«ስፖንጅ» ዙሪያዋን አየች፣ እሱን አየች። ያበጠው ይፈንዳ!

«ስትመጣ ደስ ይለኛል» አለችው ጮክ ብላ። «ስትቀር ደግሞ እዚህ መዋል ያስጠላኛል። እወድሃለሁ... ሰማህ?»

«ድገሚልኝ» አለ እያነባ።

«እወድሃለሁ!»

እቅፍ አድርጎ ከመሬት አነሳት። ጭብጨባው እንደ አዲስ ቀለጠ። ያንን ሁሉ የሚያቋርጥ አንድ ድምፅ ከስልኩ ወጣ።

«እሰይ! እሰይ ልጆቼ! አሁንስ... በሩን አትከፍቱልኝም?»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጠው ከፈቱላቸው።

ዛሬ አምባሩ በብዙ እናቶች እጅ ላይ ነው። የክፍሉ በር ላይ ደግሞ ከሠርጋቸው ማግስት ዟሪው በእጁ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አለ፦

«ከመዝጋትሽ በፊት ባልሽ ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጪ።»